የድንጋዩ አድማጭ

ከቆሰበር ወደ ጥርባ የሚሄድ ሰው መንገዱ ላይ ካለው ሐይቅ ሳይደርስ በስተግራው ወገቡ ላይ የተገመሰ ኮረብታ ያገኛል። ጠጠር የጫኑ ሲኖትራኮች ከዚያ ሲወጡ ባጃጆች ዳር ይዘው ይቆሙላቸዋል፤ አቧራው እስኪያልፍም ተሳፋሪው በነጠላው አፉን ይሸፍናል። የአገሩ ሰው ቦታውን ካባ ይለዋል፤ ድንጋይ የሚወጣበት ማለቱ ነው። ገበየሁ ካባ የገባው በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከአባቱ የቀረው መሬት ለአራት ወንድማማች ሲቆራረስ በሬ የማያዞር ሆነበትና፣ ድንጋይ ፈላጭ የነበረው አጎቱ «ጀርባህ ደህና አይደል? በል ና» ብሎ ይዞት ሄደ።

ጀርባውስ ደህና ነበር። ስም ያወጣለት ግን ጆሮው ነው።

የካባ ሰዎች ድንጋይ ከመውደቁ በፊት ይናገራል ይላሉ። ሌሊቱን በብርድ ተኮማትሮ ያደረ ገደል የጠዋት ፀሐይ ሲነካው፣ ወይም የክረምት ውሃ በስንጥቁ ሲገባ፣ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ድምፅ ያሰማል። ደረቅ ጭራሮ በጣት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ጠቅ ብሎ ያበቃል። አብዛኛው ሰው ቢሰማውም ከምንም አይቆጥረውም። የገበየሁ አጎት ግን ያንን ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ጉልበቱ ሲከዳው ማድመጡን ለገበየሁ አስረከበው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ጠዋት የካባው አርባ ድንጋይ ፈላጭ መዶሻውንና መሮውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቁጭ ይላል። ወሬ የለም። ሳል የያዘው ሰው እንኳ ጋቢው ውስጥ ገብቶ ነው የሚስለው። ገበየሁ የብረት ድጅኖውን ይዞ ከገደሉ ሥር ሥር ይሄዳል፤ አምስት ስድስት ቦታ ላይ መታ መታ ያደርጋል፣ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ደህናው ድንጋይ እንደ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ይጠራል። ከጀርባው የተላቀቀው እንደ ባዶ ጎተራ ያስተጋባል። መትቶ ሲያበቃ ዝም ብሎ ይቆይና ገደሉ በራሱ ጊዜ የሚለው ነገር እንዳለ ይጠብቃል። በመካከሉ በአገውኛ ለድንጋዩ አንድ ሁለት ነገር በሹክሹክታ ይለዋል፤ ምን እንደሚለው ሲጠይቁት «የነገርኩት ለእሱ ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ይላል። ደህና ከሆነ ድጅኖውን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ ሥራው ይገባል። ካላንኳኳ ግን መዶሻ የሚያነሳ የለም፤ ያን ቀን ሥራ በሌላው ጥግ ነው፤ አለበለዚያም ወደ ቤት ነው።

በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳያንኳኳ ቀርቷል። ሦስቱንም ጊዜ ገደሉ ወርዷል፤ አንዱማ እነሱ ገና ጋቢያቸውን እያራገፉ ሳሉ ነው የወረደው። አንድም ሰው አልተነካም። ከዚያ በኋላ «አያ ጆሮ» የሚለው ስም ተለጠፈበት። ግምጃ ቤት ከሚባለው ከተማ ገበያ ሲወጣ ሴቶቹ «ዝም በሉ፣ አያ ጆሮ መጣ!» እየተባባሉ ሐሜታቸውን ያቋርጡ ነበር። እሱም ደስ ይለው ነበር። ደስ እንደሚለው ደግሞ አይደብቅም፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር በመካከላቸው የሚያልፈው።

ገበየሁ ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት ካባ የገባ ጓደኛ ነበረው፣ ይኸነው የሚባል። ይኸነው ሽብልቅ ሰክቶ ድንጋይ በመክፈል የሚስተካከለው አልነበረም፤ በወሬም እንዲሁ። ከቤቱ ተነስቶ ካባ እስኪደርስ ያወራል፤ መዶሻው አየር ላይ እያለ ያወራል፤ ምሳውን አፉ ውስጥ ይዞ ያወራል። ዝም የሚልባት ሰዓት ብትኖር ገበየሁ ገደሉን የሚያደምጥባት ብቻ ናት። የይኸነው ሚስት ደብሪቱ ይህን ስለምታውቅ ገበየሁን ባገኘችው ቁጥር አትለቀውም ነበር።

«አያ ገበየሁ፣ እባክህ እኛም ቤት እየመጣህ ግድግዳውን አድምጥልኝ፤ ይኸነው ጥቂት ዝም ይበልልኝ!»

ይኸነው ከሁሉም ቀድሞ ይስቃል። ገበየሁም እንግዳ ሆኖ በገባ ቁጥር ግድግዳውን በጣቱ ሦስት ጊዜ አንኳክቶ ነበር የሚቀመጠው።

እንዲህ ሲኖሩ በ2005 ዓ.ም.፣ መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ አስፋልት የሚሠራ አንድ ድርጅት ካባውን ተረከበ። ኤክስካቫተር መጣ፣ ጄኔሬተር መጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሬሸር መጣ፤ ድንጋይ ውጦ ጠጠር የሚተፋ፣ ከጎጆ ቤት የሚበልጥ ብረት። ሰው ከየጎጡ ሊያየው ወጣ። አርባ ሰው በወር የሚፈልጠውን ድንጋይ ማሽኑ ከቁርስ እስከ ምሳ አደቀቀው። ይኸነው ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይኸስ ጥርስ አለው! እኛ ባዶ ድዳችንን ይዘን ነው ለካ እስካሁን የታገልነው» አለ። አርባውም ሳቁ። በሳምንቱ ሃያ አምስቱ ወደየቤታቸው ተሰናበቱ።

የቀሩት አሥራ አምስት ሰዎች ሥራቸው ካባ ውስጥ ነው እንጂ የድሮው ሥራ አልነበረም። ድሮ ሰው የፈለጠውን ድንጋይ ያውቀዋል። ከእንጅባራ ገበያ ሲመለሱ የትምህርት ቤቱን አጥር እያሳዩ «ያቺ ማዕዘኗ የእኔ ናት» ይባባሉ ነበር። አሁን ጠጠሩ ተጭኖ መንገድ ላይ ይደፋል፤ ጠጠርን የእኔ ነው የሚል ማን አለ? ድሮ አርባ መዶሻ እየተቀባበለ ሲወርድ አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። አሁን ጄኔሬተሩ ከተነሳ ሰው በእጁ ነው የሚነጋገረው። ይኸነው ለጥቂት ሳምንታት ከማሽኑ በላይ ሊጮኽ ሞክሮ ጉሮሮው ተዘጋና ተወው። ያ ሰው ሲሠራ ዝም አለ ማለት ለሚያውቁት ሁሉ የሚያሳዝን ነገር ነበር።

ይኸነውና ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ከገደሉ ሥር ተመደቡ፤ ኤክስካቫተሩ ካወረደው ውስጥ ክሬሸሩ የማይውጠውን ትልቅ ትልቁን በመዶሻ መክፈል ነው ሥራቸው። ገበየሁ በዕድሜ ገፋ ስላለ ክሬሸሩ አፍ ላይ ቆሞ ከድንጋዩ ጋር የሚመጣውን አፈርና ሥር እንዲለቅም ተደረገ። ሥራው ቀላል ነው ተብሎለት ነበር። ክንድ ያህል ርቀት ላይ የብረቱ መንጋጋ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ያኝካል።

ግን አንድ ነገር አልተነካባቸውም። ሌሎቹ በተሰናበቱ ማግስት ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲነሳ አሥራ አምስቱ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ቁጭ ብለው ነበርና አንዳቸውም አልተነሱም። የሥራው ኃላፊ ኪዳኑ የሚባል የዳንግላ ልጅ ነበር፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ኮፍያውን አጥብቆ የሚያስር፣ ሲናገር የማይቆጣ። መጥቶ ምን እንደሆኑ ጠየቃቸው።

«አልተንኳኳማ» አለው ይኸነው።

«ምኑ?»

ነገሩን አስረዱት። ሊስቅባቸው ይችል ነበር፤ ሊያባርራቸውም ይችል ነበር። ኪዳኑ ግን ገደሉን ቀና ብሎ አየና፣ ዘወር ብሎ ገበየሁን አየ።

«አያ ገበየሁ፣ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?»

«ጥቂት ነው። ፀሐይ ያቺን ባሕር ዛፍ እስክታልፍ።»

«ሩብ ሰዓት ልስጥዎት?»

«ይበቃኛል፣ ልጄ።»

ጄኔሬተሩ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሁሉ ብረት በየጠዋቱ ለገበየሁ ጆሮ ሲባል ሩብ ሰዓት ዝም ይል ጀመር። የተሰናበቱት ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ተነፋ። ማሽኑ መሬታቸውን ወሰደ፣ ሥራቸውን ወሰደ፣ ዘፈናቸውን ወሰደ፤ ለአያ ጆሮ ግን ተንበረከከ ይሉ ነበር። ገበየሁ ያን ሰሞን እቤቱ ሲገባ ሚስቱ እንቁ «ምነው ዛሬስ በሩ ጠበበህ?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

በዚያው ወር ኪዳኑ ለሠራተኛው ሁሉ የጆሮ መድፈኛ አደለ፤ ብርቱካን መልክ ያለው፣ ጥንድ ጥንዱ በክር የተያያዘ። ክሬሸሩ አጠገብ የሚሠራ ሰው ሳያወልቅ እንዲያደርገው አጥብቆ ነገራቸው። ሌሎቹ አደረጉት። ገበየሁ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ እቤቱም ወስዶ ምስማር ላይ ሰቀለው።

«ለምን አታደርገውም?» ብትለው እንቁ፣

«የካባው ጆሮ ጆሮውን ደፍኖ ዋለ ይበሉኝ?» አላት። ቆየት ብሎ ደግሞ «ቀን ሙሉ የደፈንኩበት ድንጋይ ጠዋት ምን ብሎ ያናግረኛል? ይቀየመኛል» አለ።

ኩራት ብቻ እንዳይባል ከልቡ ያምንበት ነበር። እምነት ብቻ እንዳይባል ደግሞ ያ ብርቱካን ነገር ጆሮው ላይ ተሰክቶ ግምጃ ቤት ገበያ ቢታይ ሴቶቹ የሚሉት ነገር አስቀድሞ ይታየው ነበር። እንዲያው ምን ዓይነት ሰው ነህ ብሎ የሚቆጣው በዚያን ጊዜ አልተገኘም። ኪዳኑ አንድ ሁለቴ በእጁ ወደ ጆሮው ጠቆመው፤ ገበየሁ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ፉጨት መጣ። እቤቱ ከገባ በኋላ፣ እራቱን በልቶ ሲቀመጥ፣ ከጆሮው ውስጥ የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት። ያልፋል ብሎ ተወው። ከዚያ የወፎቹ ድምፅ ሄደ፤ መሄዱን እንኳ ቶሎ አላወቀም፤ ወፍ ሲጠፋ ማን ልብ ይላል? ከዚያ እንቁ ያኮረፈችው መሰለው። ስታናግረው ድምፅዋ ዝቅ እያለ ሄደና «ምን አድርጌሽ ነው የምታንሾካሹኪብኝ?» ብሎ ተቆጣት። እሷ ደንግጣ አየችው እንጂ አልመለሰችለትም፤ መልሳም ሊሆን ይችላል።

በ2007 ዓ.ም.፣ በነሐሴ፣ አንድ ጠዋት ተነስቶ በሩን ሲከፍት ግቢው ውሃ ሞልቶት አየ። አጥሩ ሥር ያለው ጎመን ተኝቷል።

«መቼ ዘነበ?» አላት።

የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አጠገብ ለአጠገብ የተኙ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። እንቁ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ ፈረሰ አልፈረሰ ስትል ነበር ያደረችው። መጥታ ከንፈሯን እያየ እንዲከተላት ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ፣ ገበየሁ።»

ሁለቴ መድገም ነበረባት። ሲገባው የበሩ መቃን ላይ ተደገፈ።

«ንገራቸው» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ጆሮዬ ደከመ ብለህ ነዋ! ምን አለበት? የሰው ዓይንም ይደክማል።»

«ከዚያስ? በር ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው? ሲኖ በመጣ ቁጥር ገመድ ላነሳ?»

«ሰው ከሚሞትብህ ገመድ ብታነሳ ምን ይልሃል!»

ይህንን ጮክ ብላ ስለተናገረችው አንድም ቃል ሳያመልጠው ሰማው። ጋቢውን ለብሶ ወጣ።

ገደሉ ሥር ደርሶ ጆሮውን ሲለጥፍ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ፉጨቱን ብቻ ሰማ። ያን ጊዜ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ድጅኖውን ሲመታ ንዝረቱ በመዳፉ መጣለት። የጠንካራው ድንጋይ ንዝረት አጭር ነው፣ የተላቀቀው ግን ይቆያል፤ እንዲህ ነው ብሎ ለራሱ ደንብ አወጣ። ድንጋይን በጆሮ ብቻ ነው የምታውቀው ያለው ማን ነው? ካባ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እጄም ያውቀዋል አለ። ይህ ፍጹም ሐሰት አልነበረም። በመዳፉ ያገኘው ነገር ነበር፤ በአንድ ጠዋት እንዲያውም ሳያንኳኳ ቀርቶ ከምሳ በፊት አንድ ቋጥኝ ተንከባሎ ወረደ። ሰዉ ተደንቆ አቀፈው። ይኸነው የራሱን ጆሮ ይዞ እየጎተተ በምልክት አሳቀው። ገበየሁም ያን ቀን ራሱን አመነ። ያንን ትንሽ የጭራሮ ድምፅ ግን፣ ገደሉ በራሱ ጊዜ የሚናገረውን፣ መዳፍ አይሰማውም። ይህን ያውቅ ነበር። ማወቁን ራሱ እንዳያውቅ ነው የሚታገለው።

ለይኸነው ሊነግረው ሞክሯል። ጥቅምት 2008 ዓ.ም.፣ ክረምቱ አልቆ ሥራው ሙሉ በሙሉ በተጀመረ ሰሞን፣ ረቡዕ ከሥራ ሲመለሱ ነው። ከማሽኑ የራቀ እንደሆነ የይኸነው ምላስ ይፈታ ነበርና እጁን እያወናጨፈ ስለ አንድ ነገር ያወራል። ገበየሁ ከንፈሩን መከተል አቅቶት ቆመ።

«ይኸነው፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።»

ይኸነው ቆሞ አየው። አንድ ነገር አለ፤ ምናልባት «ንገረኝ» ነው ያለው። መልሶ ራሱ ሳቀ፣ ሌላም ነገር አከለ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት መንገዱን ቀጠለ። ገበየሁ ያገኘው ሳቁን ብቻ ነው፤ እሱንም በዓይኑ። እንዲህ የሚስቅ ሰው ፊት ላይ እንዴት አድርጎ ያንን ነገር ይጣለው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰብሰብ ብለው ሲቀመጡ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እነግራቸዋለሁ ብሎ ወሰነ። ቁርጥ አድርጎ ነው የወሰነው። እሑድ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጉም ነበር። ጄኔሬተሩ ጠፍቷል፤ አሥሩ ሰዎች ቁጭ ብለዋል፤ ኪዳኑ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከኤክስካቫተሩ ጎን ቆሟል። ገበየሁ መታ መታ እያደረገ ሄደ። መዳፉን አሳረፈ። ድንጋዩ በክረምቱ ርሶ ስለነበር ንዝረቱ ድፍን ያለ ሆነበት፤ የሚለየው ነገር አጣ። ጆሮውን ለጠፈ። ፉጨት ብቻ። ዓይኑን ሊጨፍን ሲል ይኸነውን አየው።

ይኸነው ቁጭ ካለበት ራሱን ድንገት ቀና አድርጓል። ወደ ገደሉ አየ። ከዚያ ወደ ገበየሁ አየና ቅንድቡን ወደ ላይ አነሳ፤ ሰማህ? ለማለት።

ገበየሁ ይህን በደንብ አይቷል። ጉም ነበር፣ ሩቅ ነበር ብሎ ራሱን ሊያታልል ብዙ ሞክሯል፤ ግን አይቷል። ይኸነው አንድ ነገር እንደሰማ ገብቶታል። «ምን ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን የካባው ጆሮ ምን ሰማህ ብሎ ሰው ይጠይቃል? ኪዳኑ ሰዓቱን እያየ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ፊቱን እያየ ነው። ገበየሁ ፊቱን አረጋጋ። ድጅኖውን አነሳና ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

ይኸነው ቅንድቡን መለሰ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት የሚል ፈገግታ አሳየው፣ መዶሻውን አነሳ፣ እንደ ልማዱ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ውስጥ፣ ከገደሉ ተጠግቶ ገባ።

ሦስት ሰዓት ላይ ገበየሁ ክሬሸሩ አፍ ላይ ቆሞ ሳለ መሬቱ በእግሩ ሥር ሲነሳ ተሰማው። ዘወር ሲል ነጭ አቧራ አየ። ከአቧራው ውስጥ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ይሮጣሉ፤ ድምፅ የላቸውም። ሲቆጠሩ ዘጠኝ ናቸው። ኪዳኑ እጁን እያወዛወዘ ሁሉንም ማሽን አስቆመ። ጸጥታው ሌላውን ሰው አስደነገጠው፤ በቅርብ ያሉት ገበሬዎች እንኳ ምን ሆኑ ብለው ከእርሻቸው ተነሥተው መጡ። ለገበየሁ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ድንጋዩን በእጁ እየቧጠጠ ከሁሉም ጋር ቆፈረ፤ ጥፍሮቹ ተነቀሉ። ይኸነውን ያወጡት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ገበየሁን የወቀሰው ሰው የለም። ያ ነው የከበደው። ማሽኑ ነው ገደሉን ሲያናጋው የሰነበተው አሉ፤ እውነት ነው። ከላይ ሲቆፍር ከሥሩ ለቀቀው አሉ፤ ይህም እውነት ነው። የድሮዎቹ ድንጋይ ፈላጮች ለቀብር ሲመጡ እጁን እየያዙ ጮክ ብለው «አያ ጆሮ ያልሰማውን ድንጋይ ማን ሊሰማው?» አሉት። ኪዳኑ እንኳ ዓይኑ ቀልቶ መጥቶ ትከሻውን ያዘው። እንቁ ብቻ አጠገቡ ቆማ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ታውቅ ነበርና፤ አውቃም ዝም ብላ ነበርና።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ቄሶቹ ጸሎቱን አድርሰው ተቀምጠዋል፤ ገበየሁ ከእነሱ ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ጥሎ ነበር። ደብሪቱ ከቤት ወጥታ በበሩ በኩል ወደ ድንኳኑ ገባች። ኋላ እንቁ እንደነገረችው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር፤ የድንኳኑ ሸራ ሲንቀሳቀስ እንኳ ይሰማ ነበር። ደብሪቱ ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀራት ከጀርባው ቆመችና «አያ ገበየሁ» አለችው። ዝም። «አያ ገበየሁ።» ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችው።

እሱ ያየው የሰዉን ፊት ነው። ቀና ሲል ቄሶቹ ያዩታል። በግራው ዘጠኙ ጓደኞቹ ያዩታል። እንዴት እንደሚያዩት ሲያይ ከጀርባው ሰው እንዳለ ገባውና ዞረ። ደብሪቱ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። አፏ ገና አልተዘጋም። ከእሷ ፊት ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት አየው፤ መጀመሪያ ግራ ተጋባች፣ ከዚያ ጆሮውን አየች፣ ከዚያ ዓይኑን።

ገበየሁ ተነስቶ ቆመ። የራሱን ድምፅ መለካት ስለተሳነው የተናገረው በጩኸት ነበር፤ ውጭ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሰምተውታል።

«አልሰማም፣ ደብሪቱ። ከነሐሴ በፊት ጀምሮ አልሰማም። እሱ ሰምቶ ነበር። ራሱን ቀና አድርጎ አይቶኝ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አይቼው ነው ያንኳኳሁት።»

ደብሪቱ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና አንድ ነገር ተናገረችው። ረጅም አልነበረም፤ አራት ወይም አምስት ቃል ቢሆን ነው። ፊቷ ላይ ቁጣም አላየም፣ እንባም አላየም። ከንፈሯን ለመከተል ታገለ፤ ግን የገዛ ዓይኑ ሞልቶ ስለነበር ምንም አልያዘለትም። ተናግራ ጨረሰች፤ ዞራ ወደ ቤት ገባች።

ገበየሁ ከዚያ ወዲህ ካባ ሄዶ አያውቅም። አሁን ጠዋት ጠዋት ገደሉን የሚያደምጥ የለም፤ ሰውም ከሥሩ አይቆምም፤ ድንጋዩን የሚከፍለው ኤክስካቫተሩ ራሱ ነው። ከሰዎቹ አምስቱ ብቻ ቀርተዋል፣ ሌሎቹ ተሰናብተዋል። እሱ ጓሮው ውስጥ ጎመን ይኮተኩታል። ደብሪቱ ያን ቀን ያለችውን ነገር እንቁን ብዙ ጊዜ ጠይቋታል፤ «ምንም አላለችም» ትለውና ፊቷን ታዞራለች። ዘጠኙንም ጠይቋቸዋል፤ በእጃቸው አልሰማንም ብለው ይመልሱለታል። ደብሪቱን ራሷን ሄዶ እንዳይጠይቃት ደግሞ፣ ብትነግረውም አይሰማትም።